ኮሶዬ ላይ ያልደረሰው መርዶ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ።

ይህ ፊልም አይደለም። ከየትም አልተቀዳም። የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ቦታው ኮሶዬ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ። ሰዓቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

አዎ፣ በቀን። እኔም እንደ እናንተ እንዲህ ያለው ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጌቾ እባላለሁ፣ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ሹፌር ወሬ ያሳምራል የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። ታሪኩ ግን የእኔ ሳይሆን የአክስቴ ልጅ የአዜብ ነው። አብዛኛውን ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ። እሷ ደግሞ ማጋነን የሚባል ነገር አታውቅም፤ ዝናብ ዘነበ ለማለት እንኳ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የምትለካ ሰው ናት። የመጨረሻውን ክፍል ግን ማንም አልነገረኝም።

እዚያው ነበርኩ።

አዜብ ሥራዋ የሞቱ ኮከቦችን መጠበቅ ነው። ስትነግረኝ ስቄባት ነበር፤ በኋላ ግን ገባኝ። በጣም ትልቅ ኮከብ ሲሞት በአንዴ ይፈርስና ለጥቂት ሰከንዶች ጋማ የሚባል ጨረር ይረጫል። ጨረሩ አየሩን አልፎ መሬት አይደርስም። ስለዚህ የሚያየው ሰማይ ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ነው። አሥራ ሁለት ዐይኖች አሉት፣ በየአቅጣጫው የተተከሉ። የትኛው ዐይን ብዙ ጨረር እንደቆጠረ ታይቶ ኮከቡ በየት በኩል እንደሞተ ይሰላል።

ቴሌስኮፑ አንድ ነገር ባየ ቁጥር ተረኛው ሰው ስልክ ላይ ደወል ይጮኻል። ተረኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይመረምራል። ፀሐይ ናት? መብረቅ ነው? ወይስ በእውነት ኮከብ ሞቷል? ከዚያ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ለክቶ ለዓለም ሁሉ አጭር ማስታወቂያ ይጽፋል።

ያ ሳምንት የአዜብ የመጀመሪያ ተራ ነበር። ከሰኞ እስከ ሰኞ። ከተማ ውስጥ መብራት እየጠፋ ስላስቸገራት ቡድኗ ኮሶዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ሶላር ያለው ቤት ተከራየላት። ያደረስኳት እኔ ነኝ። ግቢውን የሚጠብቁት አያ ሐብተ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ደወሉ ጮኸ።

ኮምፒውተሩን ከፈተች። የሚያምር ፍንዳታ ነበር። ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። አርባ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ዝም።

ማስታወቂያውን እየጻፈች ሳለ በሩ ተከፈተ።

አድማሴ ነው። ወንድሟ።

በሁለት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያስተማራት እሱ ነው፤ አይሱዙ እየነዳ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ጭነት እያመላለሰ። ደስ አላት። ግን እየጻፈች ስለነበር ቀና ሳትል በእጇ ወንበር አሳየችው። በሩ አጠገብ ያለውን።

"ማኪናህስ?" አለችው።

"ታች ናት።"

ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው።

"ማንም አልደወለልሽም?" አላት።

"ማን ይደውልልኛል?"

"እንጃ... ከቤት።"

"አልደወሉም።"

ውጪው በጉም ተሸፍኗል፣ ከጣራው ውኃ ይንጠባጠባል። ማስታወቂያውን ልካ ስትጨርስ ዞር አለች። ወንበሩ ባዶ ነው። ሳይሰናበታት ሄዷል።

ሻዩን አልነካውም። ልትደፋው ስታነሳው ብርጭቆው ጣቷን አቃጠላት። ከቀዳችው አንድ ሰዓት አልፎታል...

ሥራ ስለነበራት ብዙም አላሰበችበትም።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ደወሉ እንደገና ጮኸ።

አየችው። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ። አርባ ሦስት ሰከንድ። በዚያው የሰማይ ጥግ። የአሥራ ሁለቱም ዐይኖች ቆጠራ ከማክሰኞው ጋር አንድ ነው፤ አንዲት ቁጥር እንኳ አልተለየችም።

ይህ አይሆንም። ኮከብ የሚሞተው አንዴ ነው፤ እነሱ ሥራ ውስጥ ከዚህ የጠነከረ ሕግ የለም። የትናንቱ መረጃ ተደግሞ የመጣ መሰላት። ልትመረምረው ስትል በሩ ተከፈተ።

"ዛሬም መጣህ?"

አድማሴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋቢ ለብሷል። ያን ሁሉ ጉም አቋርጦ የመጣ ሰው ጋቢው ላይ አንዲት ጠብታ የለችም።

"ያ ኮከብ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?" አላት።

"ዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት ገደማ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን መሞቱን የሚያውቅ የለም?"

"ብርሃኑ ካልደረሰ በምን ይታወቃል?"

"ምነው እንዲህ ዘገየ?"

"ከብርሃን የሚፈጥን የለማ። ደግሞ ከእኛ ዘመዶች ይሻላል። እኛ ቤት መርዶ ለመንገር ስንት ሳምንት ይመከራል?" ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም።

ያኔ አያ ሐብተ ማርያም እንጨት ይዘው ገቡ። ሰላም አሏት። ጤናዋን፣ ብርዱን፣ እንቅልፏን ጠየቁ። አድማሴን ግን አላዩትም። ኮሶዬ ላይ ለሚያልፍ መንገደኛ እንኳ ቆመው ሰላምታ የሚያበዙት ሰውዬ በሩ አጠገብ ላለው እንግዳ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ዐይናቸው ቀልቷል።

"ተጣልታችኋል እንዴ?" አለችው።

"ሁሉም እንዲህ ሆኖብኛል" አለ አድማሴ።

ሐሙስ ደወሉ በዚያው ደቂቃ ጮኸ። አድማሴ እያያት ገባ፣ ተቀመጠ። ድምፁ የሹክሹክታ ያህል ሆነ።

"አዜብ።"

"ወዬ።"

"ቤት ሄጄ ነበር።"

"እሺ..."

"ድንኳን ተተክሏል።"

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ።

"የማን ቤት?"

"እኛ ቤት።"

"ማን ሞተ?"

"አይነግሩኝም።" ወደ እሷ ጎንበስ አለ። "አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ምነው ዝም ትሉኛላችሁ አልኳቸው። ያለቅሳሉ እንጂ አይመልሱልኝም። ደብቀውኛል። እማዬን ደግሞ አላየኋትም... እሷ ናት መሰለኝ። ላንቺ ይነግሩሻል ብዬ ነው የምመላለሰው።"

አዜብ ስልኳን አነሳች። እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው የእኔ እናት፣ አዛለች ናት።

"አክስቴ፣ እማዬን አገናኚኝ።"

"ተኝታለች ልጄ። ጉንፋን ይዟታል።"

ድምፅዋ ተዘግቷል። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ብዙ ሰው ያስላል።

"ማን አለ እዚያ?"

"ቴሌቪዥን ነው።"

"ድንኳን ለምን ተተከለ?"

ሳሉ ሁሉ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

"አድማሴ።"

ስልኩ ወዲያው ተዘጋ።

አሁን እኔ ያለሁበት ላይ ደረስን። እስካሁን ያልጠረጠራችሁ ካላችሁ በግልጽ ልንገራችሁ።

የሞተው አድማሴ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊማሊሞ ላይ ጉም ውስጥ ማኪናው ተገለበጠ። ረቡዕ ቀበርነው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ለአዜብ እንዳይነገር የወሰኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው። "የስንት ዓመት ልፋቷ ነው፣ ተራዋን ትጨርስ፣ ሰኞ ንጋት ላይ እናርዳታለን" ተባለ። አገሩ እንዲህ ነው። ፈተና ላለበት፣ ለእርጉዝ፣ ለመንገደኛ መርዶ ይዘገያል። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አርብ ዕለት እናቴ ላከችኝ። "አንድ ሰው ነግሯት፣ ደንግጣ ስሙን ጠርታ ይሆናል፣ ሄደህ እያት" አለችኝ። ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ጥቁሩን ሸሚዝ አውልቄ ቀይ ሹራብ ለበስኩ። እንዲህ ነው የምንዋሸው።

አዜብ ፊቷ ገርጥቷል። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል እጄን ያዘችኝ።

"እዚያ አይደለም።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓቱን አላየሁም ነበር፤ ስልኳ ሲጮኽ ግን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ነፋስ አልነበረም።

ዐይኗ ከበሩ እስከ ወንበሩ የሆነ ነገር ተከተለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ጌቾ፣ በሁለታችን ፊት ተናገር። ማን ነው የሞተው?"

"ሁለታችን?"

በአገጯ ወንበሩን አሳየችኝ። ባዶ ወንበር ነው። ሣር የተሞላበት ትራሱ ግን ጎድጉዷል።

"ማንም አልሞተም" አልኩ። "በገብርኤል።"

በገብርኤል ስም በሐሰት ማልኩ። አዜብ ጆሮዋን ወደ ወንበሩ ሰጠች፣ ለአፍታ አዳመጠች።

"ትከሻህን ምን ነካው ይልሃል።"

ቀኝ ትከሻዬን የቃሬዛው እንጨት ልጦታል። ከሹራቡና ከከነቴራው ሥር ነው። ለማንም አላሳየሁም።

"ዕቃ ሳወርድ ነው" አልኩ።

እንደገና አዳመጠች።

"የቃሬዛ ነው ይላል። ማንን ነው የተሸከምከው ይልሃል።"

ዳቦውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ እስክደርስ ወደ ጎንደር ሳይሆን ወደ ሰሜን እየነዳሁ መሆኔን አላስተዋልኩም።

ቅዳሜ ደወሉ ከጮኸ በኋላ አዜብ ተራውን ከእሷ ከምትረከበው ልጅ ጋር በቪዲዮ ተነጋገረች። ሳሪት ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው እስራኤል ነው፤ ወላጆቿ ግን ከጎንደር አጠገብ ካለ የሸክላ ሠሪዎች መንደር የሄዱ ናቸው፣ አማርኛዋም የእነሱ ነው።

"ያንን የሚደጋገመውን ፍንዳታ አየሽልኝ?" አለች አዜብ።

"የቱን?"

"የማክሰኞውን። በየቀኑ በዚያው ሰዓት የሚመጣውን።"

ሳሪት የራሷን መዝገብ ስትፈልግ ቆየች።

"እኔ ዘንድ የለም። ቴሌስኮፑ የጮኸው ማክሰኞ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ የሰማይ ጥግ ዝም ብሏል። ሸጋ አድርገሽ ለክተሽዋል፣ ሁሉም ቡድን ተቀብሎታል። ድጋሚ ግን የለም።"

"በዐይኔ እያየሁት?"

"አዜብ... ከጎንሽ የሚተነፍሰው ማነው?"

አዜብ ወደ ወንበሩ ዞረች።

"ማይኩን እየነፋ ነው፣ ድምፅሽ በደንብ አይሰማኝም። እንደሚያለቅስ ሰው ነው የሚተነፍሰው።"

"ይታይሻል?"

"ወንበር ይታየኛል" አለች ሳሪት። "ባዶ ነው።"

አዜብ የዚያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ማንም ሳያረዳት፣ በሥራዋ መንገድ። አያ ሐብተ ማርያም አላዩትም፣ እኔ አላየሁትም፣ ካሜራው አላየውም። ቤታቸው ድንኳን ተተክሏል፣ እሱን ሲያይ ቀና የሚል የለም። አንድ በአንድ ደመረችው። መልሱ ከአንድ በላይ አልነበረም።

ማልቀስ ፈለገች። ግን እሱ አጠገቧ ተቀምጧል። ካለቀሰች ለምን ብሎ ይጠይቃታል።

እሁድም አድማሴ መጣ። ሲመሽም አልሄደም።

ወንበሩን ወደ አልጋዋ ሳበው። ፈራችው፤ ያስተማራትን ወንድሟን ፈራችው። ደግሞ እንዳይሄድባት ፈራች። ከነገረችው የሚሄድ መሰላት። ካልነገረችው በየቀኑ በዚያ ሰዓት እየመጣ፣ እዚህም ቤትም እየተመላለሰ፣ ማን እንደሞተ ሲጠይቅ ሊኖር ነው። የሚመልስለት አንድ ሰው ሳያገኝ።

"ንገሪኝ" አላት በሹክሹክታ። "አውቀሻል። ፊትሽ ላይ አየሁት። እማዬ ናት?"

"እማዬ ደህና ናት።"

"እንግዲያስ ማነው?"

አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልወጣም። የሰው መርዶ የሚነገረው ለዘመድ ነው... ለባለቤቱ ለራሱ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ደረስን። እኔ፣ እናቴ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የአዜብ እናት እትዬ ዝናሽ። አያ ሐብተ ማርያም የግቢውን በር ከፍተው ተቀላቀሉን። ጉሙ ከገደሉ ስለወጣ ከፊቴ ያለውን ሰው እንኳ የማየው በጭንቅ ነው። ደንቡ እንደሆነው ተሰልፈን ቆምን። አንደኛው ሽማግሌ የቤቱን በር ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ።

ሳያንኳኩ ተከፈተ።

አዜብ ጥቁር ለብሳለች። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዙራ ለሐዘን ተከናንባለች።

"አውቄዋለሁ" አለች በጣም ቀስ ብላ። "እባካችሁ አትጩኹ። እሱ አልሰማም።"

"ማን?" አሉ ሽማግሌው።

ወደ ኋላዋ ተመለከተች።

"ይህን ያህል ሰው ሆናችሁ ብትገቡ ይደነግጣል። እኔው ልንገረው።"

እናቷን ጉንጯን ሳመቻት፣ ከዚያ በሩን መልሳ ዘጋችው። ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ሰማን።

ሽማግሌው አእምሮዋን ነካት ብለው አማተቡ። በሩን እንስበረው አልኩ። እትዬ ዝናሽ ግን እጇን አነሳችና አስቆመችን። ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ ነበር።

የአዜብ ድምፅ ይሰማል። መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው ከሩቅ ጀመረች። ስለ ዕድሜ አወራች። ስለ አባታቸው። ሰው ሁሉ ሂያጅ እንደሆነ። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እንዴት እንደቻለች እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ስሙን ጠራችው። የሚቀጥለውን ቃል አልሰማሁትም፣ ግን መባሉን አወቅኩ።

ወንበሩ ሲጎተት ሰማን።

"መቼ?" አለ የወንድ ድምፅ።

ሁላችንም ሰማነው። እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ።

"ማክሰኞ" አለች አዜብ። "ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ።"

"አሞኝ ነበር?"

"የለም። ፈጥኖ ነው ያለፈው።"

ከዚያ አለቀሰ። ወንድ ልጅ መርዶ ሲሰማ እንደሚያለቅሰው፣ እየታገለ፣ ከሆዱ። በዚያች ሰዓት ኮሶዬ ላይ ሌላ ድምፅ አልነበረም። እትዬ ዝናሽ በሩን በመዳፏ እየደባበሰች "አይዞህ... አይዞህ ልጄ..." ትላለች። ሌሎቻችን እዚያው ደርቀን ቀረን።

ድምፁ ቀስ በቀስ ረገበ።

መወርወሪያው ተሳበ። በሩ ተከፈተ። አዜብ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከበሩ ስድስት እርምጃ ትርቃለች። በሩ አጠገብ ማንም የለም።

እንግዲህ ይህን እመኑ አትመኑ፣ እኔ የሆነውን ነው የምናገረው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማንም አላዘዘንም፣ ግን ሁላችንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈቀቅ አልን። ለሐዘንተኛ መንገድ እንደሚለቀቀው። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የአያ ሐብተ ማርያም ጋቢ ጫፍ ተነሳ፣ ቀጥሎ የእናቴ ነጠላ፣ ቀጥሎ የእኔ ሹራብ እጅጌ... አንድ ሰው በመካከላችን ተሽሎክሉኮ ሲያልፍ እንደሚነካን።

እትዬ ዝናሽ ቀድማ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። የጋቢናውን በር ከፈተችና ይዛ ቆመች፣ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

አዜብን ደግፈን አመጣናት። ሁላችንም ከኋላ ተጠጋግተን... ማለቴ እነሱ ከኋላ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ግን እዚያ ልቀመጥ ያለ ሰው አልነበረም።

ሞተሩን አስነሳሁ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄው ማኪናዋ ዘለለች።

እትዬ ዝናሽ ከኋላ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ የተላጠው ላይ።

"ቀስ ብለህ ንዳ ጌቾ" አለችኝ። "ገና አሁን ነው የሰማው።"